አንድ የረባ እንቢታ

ፍሬሰንበትን ለመጠየቅ ሽማግሌ በመጣበት ቅዳሜ ጧት አባቷ የልጁን ስም እንኳ ሳይሰማ እሺ አለ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያኔ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከፊት ያሉት ጋሽ ውድነህ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ሃያ ስምንት ጋብቻ ያሳሰሩ፣ በአንዱም የማያፍሩ ሰው። ቀጥሎ አባ ገሪማ፣ ከዐይናቸው ጆሯቸው የሚሻል ቄስ። ሦስተኛዋ እማማ ጠጅቱ ነበሩ። በደብረ ሲና ሴት ሽማግሌ ሆና አታውቅም ብሎ የተከራከራቸው ሰው ነበር፤ «እንግዲያው ከግንባር አንድ ወንድ አስመጣልኝና እኔ ቤቴ ልቀመጥ» ብለው ዝም አሰኙት። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ነው፣ ጦርነቱም ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ፍሬሰንበት በሩን ከፍታ እንደ ወጉ ወደ ጓዳ ገባች፤ እንደ ወጉም ጆሮዋን መጋረጃው ላይ ለጠፈች። ለምን እንደመጡ ታውቃለች። ከማን ዘንድ እንደመጡም ታውቃለች። ይትባረክ ትናንት የጉሙን መረብ አብረው ሲያጥፉ «ነገ ጧት እንዳትተኚ» ብሏታል። ሁለቱም ከከተማው በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጉም የሚያጠምደው መረብ ላይ ነው የሚሠሩት። መረቡን አንድ ጫፍ እሷ፣ አንድ ጫፍ እሱ ይዘው ያጥፉታል። መረብ በታጠፈ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች ወደ መሐል መምጣታቸው አይቀርም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆነውም ይኸው ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከጉሙ ስለሆነ የውሃ ሠራተኛ አይዘምትም። ፍሬሰንበት ብቻዋን ቤት የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ብቻዋን ማለት እንኳ በወረቀት ላይ ስሕተት ነው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ቡፌው ላይ፣ ከስኳር ዕቃ የማይበልጡ ሦስት ነጫጭ ሣጥኖች ዳንቴል ላይ ተደርድረዋል። በየግንባራቸው ስም ተጽፏል፦ ወንድይፍራው፣ ጥሩወርቅ፣ ይድነቃቸው። አባት፣ እናት፣ ታላቅ ወንድም። እንደራሴ ይባላሉ። የሚዘምት ሰው ከመሄዱ በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አርባ ሰዓት ያወራል፤ ከዚያ ወዲያ በቤቱ የሚናገረው እንደራሴው ነው። ከግንባር ስልክ መደወልም ሆነ ደብዳቤ መላክ ክልክል ነው፤ ጠላት መልእክቱን ተከትሎ ቦታውን ያገኛል። እንደራሴው የሰጠው ቃል ዘማቹ እንደሰጠው ይቆጠራል፤ አዋጅ አለው።

«እንደምን አደራችሁ፣ ቤቶች» አሉ ጋሽ ውድነህ፣ ገብተው ከቡፌው ፊት ለፊት እየቆሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ የወንድይፍራው ሣጥን። ድምፁ የራሱ የወንድይፍራው ነው፤ ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ።

«አንቀመጥም። የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ውድነህ። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጁት የከረሙት ንግግር ነው። «እንግዲህ፣ እኛ ወደናንተ ደጅ የመጣነው፣ ከናንተ ዘንድ አንዲት—»

«እሺ» አለ ሣጥኑ።

«ምን አሉ?» አሉ አባ ገሪማ።

«እሺ ብለናል። ደስ ይለናል። መቼ ይሁን?»

«እኔም ደስ ይለኛል» አለች የእናትየው ሣጥን።

«ተስማምቻለሁ» አለ የወንድሟ።

እማማ ጠጅቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ ውድነህ «ልጃችን ገና ናት» ለሚለው መልስ ነበራቸው። «ቤተ ዘመድ እናማክር» ለሚለው መልስ ነበራቸው። ዘር ቢጠየቁ የይትባረክን አያት ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ይዘው ነው የመጡት። ለእሺ ግን ምንም አላዘጋጁም።

«ወንድይፍራው» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ የልጁን ስም ገና አልተናገርኩም።»

«ማንም ይሁን!» አለ ሣጥኑ በታላቅ ደስታ።

ከመጋረጃው ጀርባ ፍሬሰንበት ዐይኗን ጨፈነች።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ጋሽ ውድነህ ብቻ በረንዳው ላይ ቆመው ጠሯት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ ክፍልፋይ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚን» አሉ። «በመጀመሪያው ቀን የተሰጠች ልጅ ምን ቢኖርባት ነው ይባላል። አባት እንቢ ይላል፣ እኛ እንለምናለን። ደግሞ እንቢ ይላል፣ ደግሞ እንለምናለን። በሦስተኛው እሺ ይላል። ያቺ ልጅ ስንት ሰው ደጅ የጠናባት እንደሆነች አገር ያውቃል። ሃያ ስምንቱንም እንዲህ ነው የዳርኩት።»

«ጋሼ፣ ሣጥኖቹ እኮ እንቢ አይሉም! እኔም አንድ ቀን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው አባትሽን ፈልጊያ። አንድ የረባ እንቢታ ካገኘሽ ጥሪን። እስከ ቅበላ አራት ሳምንት አለ፣ ሦስት ጊዜ ለመመላለስ ይበቃናል። ጾም ከገባ ግን ያለው ፋሲካ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የሚያስቀው ነገር፣ እውነተኛው ወንድይፍራው በእንቢታው አገር የሚያውቀው ሰው መሆኑ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ከአፉ የሚወጣ የመጀመሪያ ቃል እንቢ ነው። ራት ቀረበ ሲሉት «አልበላም» ብሎ ነው እጁን ለመታጠብ የሚነሣው። ፍሬሰንበት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ላንጋኖ ልሂድ ብላ ብትጠይቀው ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ እንቢ አለ፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቦርሳዋን ተሸክሞ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ተገኘ። እናቷ ጥሩወርቅ «ያንቺ አባት ሲያገባኝም እንቢ እያለ ነው» ትላለች።

ሰኞ ጧት ለፍሬሰንበት መልእክት ደረሳት፦ «እንኳን ደስ ያለሽ! በቤተሰብሽ ሙሉ ስምምነት የጋብቻ እጩነትሽ ተመዝግቧል። የሙሽራው ስም፦ ያልተጠቀሰ።»

መረቡ ላይ ለይትባረክ ስታሳየው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጠራት «የያልተጠቀሰ እጮኛ» ሆነ ስሟ። «ወይ ይሄ ያልተጠቀሰ» ይላታል መረቡን እየሳበ፣ «ምን ዐይነት ዕድለኛ ሰው ነው!»

እሷ ግን በዚያው ሳምንት ከአባቷ አፍ አንድ እንቢታ ሳላወጣ አላርፍም ብላ ቆርጣ ተነሣች። አጋጣሚው ሞልቷል። ከእንደራሴ ጋር በቀን አንድ ጊዜ አብሮ መመገብ ግዴታ ነው፤ ካልተበላ ቡፌው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትቀላና በማግስቱ ከቀበሌ ሰው መጥቶ «ቤታችሁ ሰላም ነው ወይ?» ይላል። ስለዚህ ፍሬሰንበት በየቀኑ ከሥራ መልስ ሦስቱን ሣጥኖች ከቡፌው አውርዳ ማዕዱ ዙሪያ ትደረድራቸዋለች። ለእያንዳንዳቸው ትሪው ጠርዝ ላይ ትንሽ ታወጣላቸዋለች፤ ያን ማንም አላዘዛትም። ሽሮው ቢያርም፣ ቢቀጥንም፣ ጨው ቢረሳም ሦስቱም «ጣት ያስቆረጥማል» ይላሉ።

«አባዬ» አለች ማክሰኞ ዕለት፣ «ሥራዬን ልተው ነው።»

«ጎበዝ! ዕረፍት ያስፈልግሻል።»

«ጠጉሬን እላጫለሁ።»

«ያምርብሻል።»

«ፍየል ሳሎን ውስጥ ላረባ አስቤያለሁ። አሥራ ሁለት።»

«እንስሳት ለቤት ደስታ ይሰጣሉ» አለች የእናቷ ሣጥን፤ በቤቷ ድመት እንኳ አላስገባም ያለችው ጥሩወርቅ።

«የጎረቤቱን አጥር ላቃጥለው ነው፣ አባዬ!»

«ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥንቃቄ ብቻ እንዳትረሺ።»

ፍሬሰንበት በሳቅ ፈነዳች፤ ሽሮው ትን አላት። ደስ የሚል ጨዋታ ሆኖባት ነበር። ቀጥላ፣ የመጨረሻውን ከባድ ነገር ወረወረች። ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች፣ ወንድይፍራው በጉብዝናው ዘመን የገዛት አሮጌ መኪና አለች። እሷን ከራሱ በቀር ማንም አይነካትም፤ ይድነቃቸው አንድ ጊዜ መሪውን ጨብጦ ቢገኝ ሦስት ቀን አላናገረውም።

«አባዬ፣ መኪናህን ልሽጣት ነው። ለቁርጥራጭ ብረት።»

«ሽጪያት፣ የኔ ልጅ» አለ ሣጥኑ። «አሮጌ ዕቃ ምን ያደርግልናል?»

ሳቋ እዚያው ቆመ። በዚህ አሥራ አንድ ወር ውስጥ በዚህ ቤት አንድም ሰው ተቆጥቷት እንደማያውቅ ድንገት ታወቃት። ፊት ለፊቷ ያለው ድምፅ የአባቷ ነው፣ አባቷ ግን እዚያ ውስጥ የለም። እንግዲያው የት ነው? ደኅና ነው ወይ ብላ ብትጠይቅ ሣጥኑ «እንደ አንበሳ ነኝ» እንደሚላት ታውቃለች። ከማዶ ያለው የጎረቤት ቤት እንደራሴ፣ ባለቤቱ ካረፈና መርዶው ከተነገረ በኋላም አርባ ቀን ሙሉ በየጧቱ «እንደምን አደራችሁ፣ እኔ በጣም ደኅና ነኝ» ሲል ነበር። የአሠራር ጉዳይ ነው ተብሎ ይቅርታ ተጠየቀበት።

ትሪውን አነሣች። የሠርጉ ነገር ያን ዕለት ወደ ኋላ ቀረና ሌላ ነገር ከፊት ቆመ፤ ያን እንቢታ የፈለገችው ለጋሽ ውድነህ ብቻ አልነበረም።

ረቡዕ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ዘማች ቤተሰብ ጽሕፈት ቤት ወረደች። ከመስተዋቱ ጀርባ የተቀመጠችው ጸሐፊ ትሑት ልጅ ናት፤ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እንቢ... እንቢ...» እያለች ፈለገችላት። «አዎ፣ ይኸውና። እንቢ፣ አይሆንም፣ አልፈልግም፣ ተዪው። አራቱም ከሁሉም ሣጥን ተነሥተዋል። ለቤት ሰላም ሲባል ነው።»

«አባቴ አርባ ሰዓት ሲያወራ ግማሹ እኮ እንቢ ነው!»

«ከግማሽም ይበልጣል» አለች ጸሐፊዋ ፋይሉን እያየች። «ከአርባው ሰዓት የተረፈችው አሥራ አንድ ሰዓት ናት።»

«ታዲያ የተነሣው ይመለስልኛ!»

«ማመልከት ትችያለሽ። መልስ በስምንት ወር ይመጣል።»

«ምን ብሎ ይመጣል?»

«እሺ ብሎ ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ እሺ ነው የሚባለው» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም ጨመረች፣ «ግን የሚደረግ ነገር የለም። ይልቅ ያን ያልተጠቀሰ የተባለውን ሰው ይዘሽው ነይና እናስፈርመው።»

ፍሬሰንበት ስትወጣ ከታች፣ ከመናኸሪያው በኩል፣ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ወደ ታች የሚወርዱት ፍሬናቸውን ለማብረድ፣ ወደ ላይ የሚወጡት ለጣርማ በር አቀበት ትንፋሽ ለመሰብሰብ፣ ሁሉም ደብረ ሲና ላይ ይቆማሉ፤ ቆሎም ይገዛሉ። በከተማ መንገድ ላይ ሰው የሚነዳው መኪና የቀረው ከጦርነቱ በፊት ነው። ግንባር ግን ሰው አልባውን አይልኩትም፤ ጠላት ከሩቅ ጠልፎ ወደ ራሱ ይነዳዋል። መሪ ጨብጠው የሚነዱ አሮጌ ሾፌሮች ከጡረታ የተጠሩት ለዚህ ነው። ወንድይፍራውም በስልሳ አንድ ዓመቱ «አልሄድም!» ብሎ ጮኾ፣ በማግስቱ ልጁን ይድነቃቸውን ረዳት አድርጎ ሄዷል። ነርሷ ጥሩወርቅ ከሁለቱ በፊት ነው የተጠራችው።

ሾፌሮች ደግሞ የራሳቸው ፖስታ አላቸው፤ የሾፌር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ለአንዱ በአፉ ይነግረዋል፤ ተቀባዩ ሦስት ጊዜ ደግሞ እስኪመልስለት ድረስ አይለቀውም። ቃሉን ማሳጠርም ማሳመርም ነውር ነው፤ ስድብ ካለበት ከነስድቡ፣ ለቅሶ ካለበት ከነለቅሶው ይደርሳል። የሚነገረውም ተቁሞ ነው። አየር ላይ ስለማይወጣ ጠላት አይሰማውም፤ መንግሥትም አላወቀ እንደሆነ እንጃ፣ አልከለከለውም። ፍሬሰንበት ይህን እንዴት እስከዛሬ እንደረሳችው ገረማት። ሣጥኖቹ በየቀኑ ሲያወሩላት ጊዜ መልእክት መላክ የሚያስፈልግ አልመሰላትም ነበር።

ቆሎ ወደ ኪሷ ስትጨምር ያገኘቻት ሾፌር ዘነበች ትባላለች፤ ወደ ግንባር የምትወርድ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቂታ ሴት።

«እህቴ፣ ቃል ትይዢልኛለሽ?»

ዘነበች ቆሎዋን ማኘክ አቆመች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። «ለማን?»

«ለወንድይፍራው። ከፍሬሰንበት። እንዲህ በዪው፦ ሽማግሌ መጥቷል፤ ልጁ ይትባረክ ይባላል፤ መረብ ላይ አብሮኝ የሚሠራ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ሣጥንህ እሺ ብሏል። አንተ ምን ትላለህ?»

ዘነበች ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ በሦስተኛው «እኔ ወድጄዋለሁ» የሚለውን ልክ እንደ ፍሬሰንበት አፏን አሞጥሙጣ ስትለው ቆሎ ሻጮቹ ሳቁ።

«መቼ ይደርሰዋል?»

«የት እንዳለ አላውቅም። በመንገዱ እያጠያየቅን ነው» አለች ዘነበች ወደ መኪናዋ እየወጣች። «ካለ ይደርሰዋል።»

ካለ። ፍሬሰንበት ያቺን ቃል ይዛ ነው አቀበቱን የወጣችው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባዶውን አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በየቀኑ ከሥራ መልስ በመናኸሪያው በኩል ዞራ ነው ቤቷ የምትገባው፤ ቆሎ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ገና ነው ለማለት ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁላታል። ይትባረክ ሊያስቃት የማያደርገው ነገር የለም። አንድ ቀን ጉሙ መሐል ቆሞ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ «እንቢ! ማን ነው ይሄ ጉም ለቃሚ!» ብሎ ሲጮህ መረቡ ከእጇ እስኪያመልጥ ሳቀች። መረቡ ገደሉን ተከትሎ ወረደና ሁለቱም እሱን ሲጎትቱ አረፈዱ።

መረቡን አውጥተው ሲያበቁ «ይትባረክ» አለችው፣ «ሠርጉ ቢዘገይ ግድ የለኝም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዝም ማለቱ ነው። አባቴ ይሄን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ዝም ካለ...»

አልጨረሰችውም። ይትባረክም አልቀለደም። «እኔም አሁን የምጠብቀው እሱኑ ነው» አላት፣ የመረቡን ጫፍ እየሰጣት።

ሦስተኛው ቅዳሜም እንደዚያው ሄደ። የቅበላ ቅዳሜ ደረሰ። ከተማው ሥጋ በሥጋ ሆኗል፤ ከሰኞ ጀምሮ ጾም ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መጠየቅ የሚባለው ነገር በቃ አክትሟል። እንዲያም ሆኖ ይትባረክ ሽማግሌዎቹን ለምኖ አንድ ጊዜ እንዲሞክሩ አደረጋቸው፤ ምናልባት ሣጥኑ ተምሮ ይሆናል በሚል። ጋሽ ውድነህ ባያምኑበትም መጡ። አባ ገሪማና እማማ ጠጅቱ ተከተሏቸው። እንደገና ከቡፌው ፊት ቆሙ፤ ፍሬሰንበት እንደገና ከመጋረጃው ጀርባ ሆነች።

«እንደምን አደራችሁ፣ ቤቶች።»

«እሺ!» አለ የወንድይፍራው ሣጥን። «ደስ ይለናል። መቼ ይሁን?»

«ይብሱን ሰላምታችንንም መስማት ተወ» አሉ እማማ ጠጅቱ።

በዚህ መሐል ከደጅ ጥሩምባ ተነፋ፤ ረጅም፣ ጆሮ የሚበጥስ። ከባድ መኪና በዚያ ጠባብ መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ፍሬሰንበት ሽማግሌም ወግም አላለችም፤ ከመጋረጃው ወጥታ በሩን በረገደችው። ዘነበች ናት። ከራስ ጠጉሯ እስከ ጫማዋ አቧራ ለብሳ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች።

«ፍሬሰንበት የምትባይው?»

«እኔ ነኝ!» አለች። ዘነበች እንደምታውቃት ታውቃለች፣ ግን ቃል ሲደርስ ስም ይጠየቃል። በሩን ይዛ ነው የቆመችው።

«ቃሉ በሁለት ሰው አለፈ፤ መልሱን ግን እኔው ራሴ ረቡዕ ዕለት ከባለቤቱ አፍ ተቀበልኩ። ከወንድይፍራው ነው።» ዘነበች ወደ ሳሎኑ ገብታ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስድብ አለበት። ልዝለለው?»

«አንዲት እንዳትዘይ!»

ዘነበች ትከሻዋን ነፋች፤ ግንባሯን ቋጠረች፤ ቤቱ እስኪርድ ጮኸች።

«እንቢ! አይሆንም! ይትባረክ? ይትባረክ የማን ልጅ ነው? እኔ እዚህ አቧራ ስቅም እሱ እዚያ ጉም አጠምዳለሁ እያለ ልጄን ያጠምዳል? እኔ በሌለሁበት ሽማግሌ ለመላክ ምን ዐይነት ድፍረት ነው! ከሽማግሌዎቹ አንዱ ውድነህ እንደሆነ ሳይነገረኝ አውቄዋለሁ፤ ያ ሒሳብ የማይችል የሒሳብ አስተማሪ ደጄን እንዳይረግጥ! ሣጥን እሺ አለ? ሣጥን ማን ሆኖ ነው ልጄን የሚድረው? እንቢ ብያለሁ፣ እንቢ! ደግሞ ምግብ ብዪ፤ ከስተሽ ባገኝሽ ውርድ ከራሴ! አለቀ።»

ዘነበች ትንፋሿን ሰበሰበች።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ጋሽ ውድነህ ናቸው። ፊታቸው በርቶ ነበር። «ሒሳብ የማይችል አለኝ!» አሉ ወደ አባ ገሪማ ዞረው፣ የተመረቁ ያህል። «ሰማችሁ? እሱ ነው! ወንድይፍራው ራሱ ነው!»

«ይሄ ነው አባት!» አሉ እማማ ጠጅቱ፤ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ለተከለከለ ሰው እልልታ እንደማይገባ ትዝ ሲላቸው መለሱት።

ፍሬሰንበት እየሳቀች ነው፤ እንባዋም እየወረደ ነው፤ የትኛው እንደሚቀድም እሷም አላወቀችም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አባቷ አለ። ተቆጥቷል። ረቡዕ ዕለት በዚህ ምድር ላይ ቆሞ ግንባሩን ቋጥሮ ጮኾባታል።

«ከስቷል?» አለች።

«ከስቷል። ለመጮህ ግን ይበቃዋል» አለች ዘነበች።

«ወንድሜስ?»

«መኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት ሲቀይር ነበር። ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ አባትየው ሲጮህ እግሩ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።»

«እናቴስ?»

ዘነበች ዐይኗን አልሰበረችም፤ የሾፌር ቃል አይሳመርም። «እሷ ዘንድ ገና አልደረሰም። ሆስፒታሉ ቦታ ቀይሯል። ቃሉ እየተከተላት ነው።»

ፍሬሰንበት ራሷን ነቀነቀች። ያ ሥጋት እንዳለ ሆዷ ውስጥ ተቀመጠ፤ አሁን ግን ሌላው ደስታ ገፍቶት ጥግ ያዘ። ለዘነበች ወንበር ሳበችላት፣ ውሃ አመጣችላት፣ ለቅበላ ከሠራችው ጥብስ አቀረበችላት፤ እየጎረሰች ሳለችም «እስቲ 'ደጄን እንዳይረግጥ' ያለውን ድገሚልኝ» አለቻት። ዘነበች አፏ ሙሉ እንደሆነ ተነሥታ ቆማ ደገመችው።

«እሺ! ደስ ይለናል!» አለ ሣጥኑ ከቡፌው ላይ። የዞረለት ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ በሕጉ መሠረት ተከልክለዋልና መውጣት አለባቸው። በሃያ ስምንት ጋብቻ እንዲህ በደስታ የተባረሩበት ቀን አልነበረም። ጋሽ ውድነህ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ለአባትየው እንደሚናገሩ ሁሉ ለፍሬሰንበት እጅ ነሡ።

«እንግዲህ ጾሙን እንጹምና ለፋሲካ ማግስት ተመልሰን እንለምናለን» አሉ።

ፍሬሰንበት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አገጯን ቀና አደረገች። በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

«ያን ጊዜም እንቢ ነው የሚላችሁ!» አለቻቸው።